የባንክ ሼር በችግር ጊዜ፦ በፌስታል ይዘውልኝ የሚመጡ ስህተቶች

አንድ ባንክ አክሲዮን ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ። አሁን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተቀምጬ የሱቆች ሂሳብ እይዛለሁ። ሥራውን ብለቅም ሥራው አልለቀቀኝም። ቅዳሜ ከሰዓት አንዱ ሰርተፍኬቱን በፌስታል ይዞ ደረጃውን ይወጣና «ትንሽ ላስቸግርህ ነበር» ይላል። ሁሌም የሚመጡት ከገዙ በኋላ ነው። ሳይገዛ የመጣ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ስለ ዲቪደንድ፣ ባንኩ በዓመት ለባለአክሲዮኖች ስለሚያከፋፍለው ትርፍ፣ «ባንኩ 30 በመቶ ይከፍላል» የሚባለው ነው። የምኑን 30 በመቶ? የሚሰላው እኮ ሰርተፍኬቱ ላይ በተጻፈው ዋጋ ነው፣ ፓር ቫሊዩ በሚሉት። ለደላላ በከፈልከው አይደለም። የተጻፈው 1,000 ብር ከሆነ 300 ብር ታገኛለህ፣ በቃ። ደላላው 2,200 ካስከፈለህ ያንተ 30 በመቶ 13 ምናምን ነው። ግብሩም ገና አልተቆረጠም። ይህን ሂሳብ ሠርቼ ሳሳያት አንዷ ጎረቤቴ ካልኩሌተሩን ከእጄ ነጥቃ ራሷ መታችው። ያው ወጣ። ሦስተኛ ስትሞክር ቡና ላፈላ ተነሳሁ።

ደግሞ ያ 30 በመቶ የአምናው ነው። ባንኮች ሂሳብ የሚዘጉት ሰኔ 30 ነው። ኦዲት ተደርጎ፣ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠርቶ ቁጥሩ ጆሮህ እስኪደርስ አዲሱ በጀት ዓመት ተጋምሷል። ነሐሴ 2015 ላይ ብሔራዊ ባንክ ባንኮች ብድራቸውን በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያሳድጉ ገደብ ጣለ። ባንክ ዋና እንጀራው የብድር ወለድ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ግን ሰው ገደቡ ከመጣሉ በፊት የተከፈለውን ዲቪደንድ እየጠራ ይገዛ ነበር። «አሁን እኮ ሌላ ጊዜ ነው» ስል ምቀኛ ተባልኩ።

ጥሬ ብሩም ላይመጣ ይችላል። ብሔራዊ ባንክ ነባር ባንኮች እስከ ሰኔ 2018 የተከፈለ ካፒታላቸውን 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ ስላዘዘ፣ ጉባኤው «ዲቪደንዱ ወደ ካፒታል ይዙር» ብሎ እጅ ሲያወጣ ብሩ ወደ ወረቀት ይቀየራል። ያቺው ካልኩሌተር የነጠቀችኝ ጎረቤቴ የትምህርት ቤት ውዝፍ ልትከፍልበት ዲቪደንድ ስትጠብቅ ተጨማሪ ሼር ተሰጣት። «ለልጄ ትምህርት ቤት ሰርተፍኬት ይዤ ልሂድ?» አለችኝ። ምን እላታለሁ?

«ባንክ አይወድቅም» የምትሉ ደግሞ አላችሁ። በፈረንጆቹ 2008 የአሜሪካው ባንክ ሌማን ብራዘርስ ወደቀ። በ2023 ክሬዲት ስዊስ፣ ከ1856 ጀምሮ የኖረ የስዊዘርላንድ ባንክ፣ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ለተፎካካሪው ተሸጠ። ደግሞ ቁጠባና ሼር አንድ አይደሉም። የእኛ የተቀማጭ ገንዘብ መድን እስከ 100,000 ብር የሚሸፍነው ቁጠባን ነው። ባለአክሲዮን ባንኩ ዕዳውን ሁሉ ከፍሎ ከተረፈ ነው የሚያገኘው። ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው የቆምከው።

«ወርዷል፣ አሁን ግዛ» ለሚለው ጓደኛህ የቤር ስተርንስን ንገረው። የኒውዮርክ ትልቅ የኢንቨስትመንት ባንክ ነበር። በፈረንጆቹ 2007 መጀመሪያ ሼሩ 170 ዶላር አካባቢ ነበር። በ2008 መጋቢት ውስጥ አንድ አርብ ዕለት ብቻ ከ57 ወደ 30 ወረደ። «ከዚህ በታች የት ይሄዳል» ብሎ በ30 የገዛ ነበር። እሁድ ማታ ባንኩ በአንድ ሼር 2 ዶላር ሂሳብ መሸጡ ተነገረ። ባለአክሲዮኖች ጮኸው በኋላ 10 ሆነ። 10 ሆነ ተብሎ ደስ ተሰኘ እንግዲህ!

ሰኞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገ ዕለት ስልኬ ሲጮህ ዋለ። ግማሹ «ሽጥልኝ»፣ ግማሹ «ግዛልኝ»። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። «ዶላር ያለው ባንክ ያተርፋል» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ግን በዶላር ያለበት ዕዳ በዶላር ካለው ሀብት የሚበልጥ ባንክ ይከስራል። የምትገዛው ባንክ የትኛው ነው ብዬ ስጠይቅ መልስ የነበረው አንድ ሰው የለም። ሪፖርቱ ላይ እኮ ተጽፏል። ስለ ሎጎው ከሚያወሩ ለሃያ ደቂቃ ቢያነቡት!

አንድ ቀን በዚሁ በገላን በኩል መሬታቸው ተወስዶ ካሳ የተቀበሉ አንድ ሽማግሌ መጡ። «ልጄ፣ 200 ሼር አለኝ» አሉኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። ከላይ በትልቁ «የተፈረመ 200» ይላል። ከታች በደቃቁ «የተከፈለ 50»። ለቀሪው 150 መክፈያ ቀን ተቆርጦለታል፣ ሦስት ወር ቀርቶታል። ካሳው ግን አልቋል። ቤት ሠርተውበታል፣ ልጅ ድረውበታል፣ ባጃጅ ገዝተውበታል። «አባባ፣ ካልከፈሉ ባንኩ ያልተከፈለበትን ጨረታ ሊያወጣው ይችላል» አልኳቸው። ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፉት። ሻይም አልጠጡልኝም። እርሳቸውን ያስፈረመው ልጅ ኮሚሽኑን ተቀብሎ ሄዷል። ስለዚህ «ስንት አለህ» ስትባል የተከፈለውን ተናገር።

የውጭ ባንኮች ሲገቡ ሼራችንን በሦስት እጥፍ ይገዙናል የሚለውን ወሬ አልመልስም። ከታኅሣሥ 2017 ጀምሮ በሩ በሕግ ተከፍቷል፣ ሦስት እጥፍ ይዞ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ የወረደ ፈረንጅ ግን የለም።

ከደላላ መግዛት የቆየ ልማዳችን ነው፣ እኔም አልፌበታለሁ። ነገር ግን ሰርተፍኬት በእጅ ስለገባ ባለቤት አትሆንም። ስምህ ባንኩ የባለአክሲዮኖች መዝገብ ላይ መስፈር አለበት። ብሩን ሰጥተው «ነገ እናዛውራለን» የተባሉ ስንት አሉ፣ ነገ ዓመት ሞላው። ሼር በይፋ የሚገዛበትና የሚሸጥበት የሰነደ መዋዕለ ነዋይ ገበያው ጥር 2 ቀን 2017 ተከፍቷል፣ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። የምትገዛው ባንክ እዚያ ከተመዘገበ ፈቃድ ባለው አገናኝ ሂድ። ካልተመዘገበም ቢያንስ ባንኩ ውስጥ ገብተህ አክሲዮን ክፍሉን ጠይቅ። የድሮ ባልደረቦቼ ጥያቄ አይሰለቻቸውም፣ ትንሽ ይቆጡ ይሆናል እንጂ።

የመጨረሻው የእኔ ነው። በዕቁብ ብር ሼር አትግዛ እያልኩ ለዓመታት ሰው መክሬያለሁ። ከዚያ ዕቁቤ ወጣልኝና ሄጄ በፓሩ እጥፍ ገዛሁ። አዎ፣ አክሲዮን ክፍል የሠራሁት ሰውዬ። ሦስት ወር ሳይሞላ እናቴ ታመመች። ሐኪም ቤት ሰርተፍኬት አይቀበልም። ባንኮች ጥሬ ብር ያጠራቸው ጊዜ ስለነበር ሰው ሁሉ ሻጭ ሆኗል፣ ገዢ የለም። አራት ወር ፈለግኩ። አንዱ ተስማምቶ ውልና ማስረጃ በር ላይ ቀጥሮኝ ስልኩን ዘጋ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቄው ተመለስኩ። በመጨረሻ የገዛኝ የዕቁባችን ዳኛ ነው፣ ያውም በፓሩ። አሁንም ደረጃ ላይ ሲያገኘኝ ሰላምታ ሳያስቀድም «ያ ሼርህ ደህና ነው» ይለኛል።