ድራይቭዌዩ ሲሰነጠቅ፣ ሲለሰልስ፣ ሲቦረቦር፦ የበረሃ አስፋልት ችግርና መፍትሄ

ፊኒክስ ወይም ላስ ቬጋስ ቤት የገዛ አበሻ ብዙው ድራይቭዌዩ (ከመንገድ ወደ ቤቱ የሚወስደው የመኪና መግቢያ) ኮንክሪት ስለሆነ ይህ ላይመለከተው ይችላል። ከከተማ ወጣ ብሎ ሰፊ ግቢ የገዛ፣ አሮጌ ቤት የገዛ፣ ወይም ለሱቁ ፓርኪንግ ያለው ግን ከአስፋልት አያመልጥም። አስፋልቱ ሲበላሽ ታዲያ ሁሉም የሚሮጠው ወደ አንድ ነገር ነው። አንድ ሁለት ባልዲ ጥቁር ሲለር ገዝቶ መቀባት! ለሁለት ሳምንት ያምራል፣ ከዚያ ያው ስንጥቅ ከስር ብቅ ይላል።

አስፋልት ጠጠርና አሸዋ በሬንጅ ተጣብቆ ነው። የሚያበላሹትም በዋናነት ሦስት ናቸው፦ ፀሐይ፣ ውሃ፣ ክብደት። ሲለር የሚረዳው ለፀሐይ፣ ትንሽ ደግሞ ከላይ ለሚመጣ ውሃ ነው። ከስር ለተበላሸ ነገር ምንም አያደርግም። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ምልክቱን እዩ።

«ግራጫ ሆነ፣ ጠጠሩም በጫማ እየተነሳ ነው»

ይሄ የፀሐይ ሥራ ነው። በ2023 ፊኒክስ ውስጥ 31 ቀን በተከታታይ ሙቀቱ 110 ፋራናይትና ከዚያ በላይ ነበር። አየሩ እንዲህ ሲሆን አስፋልቱ ራሱ 160 ሊደርስ ይችላል። ሬንጁ በሙቀቱና በጨረሩ እየደረቀ ይጠነክራል፣ ጠጠሩን የመያዝ አቅሙም ይቀንሳል።

ቀለሙ ብቻ ከተለወጠ ሲልኮት (ሲለር መቀባት) ይበቃዋል። በጫማ ሲፈተግ ጠጠር እፍኝ እፍኝ የሚወጣ ከሆነ ግን ጊዜው አልፏል፤ ላዩ ላይ ስስ አዲስ አስፋልት ማስነጠፍ ነው የሚያዋጣው። አዲስ የተነጠፈ ደግሞ ወዲያው አይቀባም፣ ስድስት ወር ገደማ ይቆይ። ከዚያ በኋላ በየሦስት እስከ አምስት ዓመት አንዴ ይበቃል። በየዓመቱ የሚቀባ ሰው አስፋልቱን ያስዋበ ይመስለዋል፣ ንብርብሩ ሲወፍር ግን ራሱ ይሰነጠቅና ይላጣል።

ሲለር ስትገዙ አስፋልት ኢመልሽን (ሬንጅ ከውሃ ጋር የተዋሃደበት) የሚለውን ምረጡ። ኮል ታር (የድንጋይ ከሰል ቅጥራን) ያለበት በጤናና በውሃ ብክለት የሚከሰስ ነው፤ የቴክሳሷ ኦስቲን ከ2006 ጀምሮ ከልክላዋለች።

ጊዜው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ባልዲው ላይ «ሙቀት ባለበት ቀን ይቀባ» ስለሚል በሐምሌ ቀትር ላይ የሚቀባ አለ። ያ ምክር የተጻፈው ለቀዝቃዛ አገር ነው። እዚህ በዚያ ሰዓት ከቀባችሁ ላዩ ወዲያው ይደርቅና ውሃውን ከስር ያፍነዋል፣ ከዚያ እንደ ቅርፊት ይነሳል። በዚያ ላይ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 30 የሞንሱን ወቅት ነው፤ ከሰዓት ድንገት የሚመጣ ዝናብ ሥራችሁን ጠራርጎ መንገድ ላይ ያፈሰዋል። ኦክቶበርና ኖቬምበር፣ ወይም ማርችና ኤፕሪል ላይ ጠዋት ሥሩ። ከመቀባታችሁ በፊት አቧራውን በብሎወር አውጡ። የበረሃ አቧራ ዱቄት ስለሆነ በመጥረጊያ ብቻ አይወጣም፣ አቧራ ላይ የተቀባ ሲለር ደግሞ የተጣበቀው አቧራው ላይ እንጂ አስፋልቱ ላይ አይደለም። ሁለት ስስ ዙር ከአንድ ወፍራም ይሻላል። መኪና ቢያንስ ለ24 ሰዓት አይግባበት፣ 48 ቢሆን ደግሞ የተሻለ።

«ረጃጅም ስንጥቅ ወጣበት»

የደረቀ ሬንጅ አይለጠጥም። በረሃ ቀንና ሌሊቱ በጣም ስለሚለያይ አስፋልቱ ይሰፋል፣ ይኮማተራል፣ በመጨረሻ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ራሱ ያን ያህል አያስፈራም፣ በእሱ የሚገባው ውሃ ነው የሚያስፈራው።

እርሳስ የማያስገባ ስንጥቅ በጠርሙስ በሚሸጠው ፈሳሽ ይሞላል። ከዚያ ለሰፋው እየቀለጠ የሚፈስሰው ላስቲክነት ያለው ማሸጊያ ይሻላል፣ እሱን ግን መሣሪያው ላለው ባለሙያ ተዉት፤ የቀለጠ ሬንጅ ቆዳ ላይ ከተጣበቀ አይለቅም። ከመሙላታችሁ በፊት ሣሩን ከነሥሩ ንቀሉ፣ አቧራውን ንፉ፣ እስኪደርቅ ጠብቁ። ይሄንንም በቀዝቃዛው ወራት አድርጉት፤ ያኔ ስንጥቁ ስለሚከፈት በደንብ ይሞላል። በሞቃቱ ወራት የተሞላ ስንጥቅ ብርዱ ሲመጣ ጎኑን ይለቃል።

ሲሚንቶ አትሙሉበት። አስፋልቱ ሲንቀሳቀስ ሲሚንቶው አብሮት አይንቀሳቀስም፣ ተሰባብሮ ይወጣል።

«እንደ አዞ ቆዳ ተሰነጣጠቀ»

እዚህ ጋ ሲለሩን አስቀምጡት። ትንንሽ ስንጥቆች እየተገናኙ መረብ ከሠሩ የተበላሸው ከስር ያለው ቤዝ (የተጠቀጠቀው የጠጠር ንጣፍ) ነው። ወይ መጀመሪያውኑ በደንብ አልተጠቀጠቀም፣ ወይ ውሃ ገብቶበታል፣ ወይ ከአቅሙ በላይ ተጭኖበታል።

ውሃውን ቅድሚያ መርምሩ። «በረሃ ላይ ደግሞ የምን ውሃ?» የሚል አለ። ግቢውን የሚያጠጣው የስፕሪንክለርና የድሪፕ መስመር ነዋ! አንድ የተሰበረ ቱቦ ከአስፋልቱ ጠርዝ አጠገብ ሌሊት ሌሊት ሲያንጠባጥብ ማንም አያየውም። በዚህ አካባቢ አፈር ውስጥ ብዙ ቦታ ካሊቼ የሚባል፣ ዶማ የማይበግረው ኖራማ ንብርብር አለ፤ ውሃ በቀላሉ አያሳልፍም፣ ስለዚህ የገባው ውሃ እዚያው ተኝቶ ቤዙን ያለሰልሰዋል። ቱቦው ሳይጠገን አስፋልቱን ማስጠገን ገንዘብ መጣል ነው።

ሁለተኛው ክብደት ነው፣ ይሄ ደግሞ የኛን ሰው በደንብ ይመለከታል፤ ከመካከላችን ትራክ የሚነዳው ብዙ ነው። ቅዳሜና እሁድ ቦብቴሉን ቤት ይዞ የሚመጣ ሰው ያለ ትሬለር ብቻ ከ15 ሺህ ፓውንድ በላይ ድራይቭዌዩ ላይ እያቆመ ሊሆን ይችላል። ከ1958 እስከ 1960 ኢሊኖይ ውስጥ በተደረገው ትልቅ የመንገድ ሙከራ የታየው፣ አንድ አክስል የሚሸከመው ክብደት እጥፍ ሲሆን መንገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እጥፍ ሳይሆን 16 እጥፍ ገደማ እንደሚሆን ነው። የቤት ድራይቭዌይ ሁለት ሦስት ኢንች አስፋልት ነው ያለው፣ ለሲዳንና ለኤስዩቪ እንጂ ለትራክ አልተሠራም። (ኤችኦኤ፣ ማለትም የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ ካለባችሁ ቅጣቱም ሌላ ጣጣ ነው።)

መፍትሄው አንድ ነው። የተበላሸውን ቦታ በካሬ ቆርጦ ማውጣት፣ የለሰለሰውን ቤዝ አውጥቶ በአዲስ ጠጠር መጠቅጠቅ፣ ከዚያ ሆት ሚክስ (ትኩስ አስፋልት) ማልበስ። ትንሽ ጉድጓድ ከሆነ በከረጢት የሚሸጠው ኮልድ ፓች ለጊዜው ይይዛል። ሁለት ሁለት ኢንች እየሞላችሁ እያንዳንዱን በደንብ ጠቅጥቁ፣ በመጨረሻ ከአስፋልቱ ትንሽ ከፍ አድርጉት፤ ጎማ ሲረግጠው ይወርዳል። ሙሉ ድራይቭዌዩ መረብ ከሆነ ግን በፓች አትድከሙ፣ ከነቤዙ ማሠራት ነው።

«አዲሱ አስፋልት ላይ የጎማ ምልክት ወጣ»

ብዙ ጊዜ ጉድለት አይደለም። አዲስ አስፋልት በመጀመሪያው በጋ ለስላሳ ነው። ቆማችሁ መሪ ስትጠመዝዙ ጎማው ላዩን ይፍቀዋል። መኪናው ትንሽ እየተንቀሳቀሰ መሪ አዙሩ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ አታቁሙ፣ ክሪክና የሞተር ሳይክል ማቆሚያ ስር ጣውላ አድርጉ። በጣም በሞቀ ቀን ውሃ ብትረጩበት ለጥቂት ሰዓት ይጠነክራል። ምልክቱ በጊዜ ይደበዝዛል።

ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላም የጎማው መስመር ወደ ውስጥ እየሰመጠ ከሄደ ግን ሌላ ነው። ወይ ቤዙ ደካማ ነው፣ ወይ የተጠቀሙበት ሬንጅ ለዚህ ሙቀት የማይሆን ነው። ሬንጅ «ፒጂ» በሚባል ደረጃ ይሸጣል። ፒጂ 70-10 ማለት አስፋልቱ እስከ 70 ሴልሺየስ ሲግልና እስከ ከዜሮ በታች 10 ሲቀዘቅዝ እንዲችል የተሠራ ነው። እዚህ በረሃ ላይ የመጀመሪያው ቁጥር ከ70 እንዳያንስ ጠይቁ።

«ያብረቀርቃል፣ ጫማ ላይ ይጣበቃል»

ሬንጁ በዝቶ ወደ ላይ ወጥቷል። ሸካራ ደረቅ አሸዋ በትኑበት፣ ሙቀቱ ውስጥ ይምጠጠው፣ የተረፈውን ጥረጉ። ሲለር ከቀባችሁበት ታባብሱታላችሁ።

«የዘይት ጠብታው ቦታ ለሰለሰ»

ዘይትና ቤንዚን ሬንጁን ያሟሙታል፤ እነሱም ሬንጁም የድፍድፍ ነዳጅ ዘር ናቸው። ትኩሱን በድመት አሸዋ አስመጥጡ፣ በሳሙናና በብሩሽ እጠቡ። ቢላ ሲነካው የሚገባ ከሆነ ቆርጦ መሙላት ነው። ጠንካራ ከሆነና ሲለር ልትቀቡ ካሰባችሁ መጀመሪያ ለዘይት ቦታ የሚሆነውን ፕራይመር አድርጉ፣ አለበለዚያ ሲለሩ እዚያ ቦታ ላይ አይይዝም። ኡበር የሚነዳና መኪናው የሚያንጠባጥብ ሰው ከሁሉ በፊት ጋስኬቱን ያስቀይር።

«ጠርዙ እየተፈረካከሰ ነው»

ጎኑን የሚደግፈው ነገር የለም። አፈር ወይም ጠጠር እስከ አስፋልቱ ከፍታ ድረስ ሙሉና ጠቅጥቁ፣ ጎማ ጠርዝ ላይ አይውጣ።

ራሳችሁ ስትሠሩ ደግሞ ለእጅና ለጉልበት ተጠንቀቁ። የጋለ አስፋልት በሰከንዶች ውስጥ ያቃጥላል፤ በየበጋው ወድቀው በአስፋልት ተቃጥለው ፊኒክስ ሆስፒታል የሚገቡ ሰዎች አሉ። ልጆች በባዶ እግር አይውጡ፣ ውሻም እንዲሁ።

«አንድ ሰው በር አንኳክቶ ከሌላ ሥራ የተረፈ አስፋልት አለኝ አለ»

ይሄ የታወቀ ማጭበርበሪያ ነው። ሆት ሚክስ እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ «አሁኑኑ ወስኑ» ይሏችኋል፣ አንድ ኢንች የማይሞላ ነገር አፍስሰው ጥሬ ገንዘብ ተቀብለው ይሄዳሉ። አሪዞና ውስጥ ከ1,000 ዶላር ጀምሮ ላለ ሥራ የኮንትራክተር ላይሰንስ ያስፈልጋል፤ ቁጥሩን ተቀብላችሁ የስቴቱ የኮንትራክተሮች መዝገብ ድረ ገጽ ላይ ራሳችሁ ፈልጉት። ውሉ ላይ የአስፋልቱ ውፍረት «ከተጠቀጠቀ በኋላ» ተብሎ በኢንች ይጻፍ፤ ልቅ ሦስት ኢንች ሮለር ሲያልፍበት ሦስት አይሆንም። የቤዙ ውፍረትና የሬንጁ ደረጃም ይጻፍ። ቤታችሁ መጥቶ ባስፈረማችሁ ሰው ላይ በፌዴራል ሕግ መሠረት አብዛኛውን ጊዜ እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ውሉን መሰረዝ ትችላላችሁ፣ ስለዚህ የስረዛውን ቅጽ ካልሰጣችሁ አትፈርሙ።