መጠባበቂያ ኮምፒውተር ያረጀ የመድኃኒት ዝርዝር ሲያሳይ

ምልክቱ፦ የኤሌክትሮኒክ ሕክምና መዝገቡ ሲቋረጥ በዋርዱ መጠባበቂያ ኮምፒውተር ላይ የሚከፈተው የመድኃኒት መስጫ ዝርዝር የሁለት ቀን ዕድሜ አለው። ይህ ከባዶ ስክሪን ይብሳል፤ ትናንት የቆመ ሄፓሪን (የደም መርጋት መከላከያ መድኃኒት) ዛሬም እንደሚሰጥ ሆኖ ይነበባል።

ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው የሪፖርት ሰርቨር ተፈተሸ፤ የዝርዝሩን ፒዲኤፍ በየ15 ደቂቃው በትክክል ያወጣል። ኮምፒውተሩ ሪስታርት ሲደረግ ይስተካከልና ከቀናት በኋላ ያው ይሆናል። የመገልበጫውን ጊዜ ወደ 5 ደቂቃ ማሳጠርም ምንም አልፈየደም።

ጥፋቱ የተገኘው ፋይሉን ወደ ዋርዱ ኮምፒውተር በሚገለብጠው የዊንዶውስ ፕሮግራም፣ በሮቦኮፒ ላይ ነው። የተቆለፈ (በሌላ ፕሮግራም ተከፍቶ የተያዘ) ፋይል ሲያጋጥመው፣ ካልተገደበ በቀር፣ በ30 ሰከንድ ልዩነት 1 ሚሊዮን ጊዜ ይሞክራል። ሮቦኮፒን በየሰዓቱ የሚያስነሳው የዊንዶውስ ታስክ ስኬጁለር ደግሞ፣ ቅንብሩ ካልተቀየረ በቀር፣ የቀደመው ሥራ ሳያልቅ አዲስ አይጀምርም። ስለዚህ አንድ ሰው ከፍቶት የሄደ ፒዲኤፍ ሁሉንም ያስቆማል።

የሠራው እርምጃ፦ ትዕዛዙ ላይ «/R:2 /W:5» ተጨመረ፤ ሁለት ጊዜ ደግሞ ሞክሮ ያልፋል፣ በየመሃሉ 5 ሰከንድ ይጠብቃል። የዋርዱን ፎልደር ከምንጩ ጋር አንድ የሚያደርገው «/MIR» ከትዕዛዙ ወጣ፤ ምንጩ ፎልደር ባዶ ከሆነ የዋርዱንም ቅጂ ይሰርዛልና። ማንበቢያው ፋይሉን በማይቆልፈው ሱማትራ ፒዲኤፍ ተተካ።

መፈተሻው ቀላል ነው፤ እባካችሁ አትዝለሉት። የኔትወርክ ገመዱን ንቀሉ፣ ሰርቨር በማይፈልገው የኮምፒውተሩ የራሱ አካውንት ግቡ፣ በዩኤስቢ በተገናኘ ፕሪንተር አትሙ። ከገጹ አናት ያለው ሰዓት ገመዱ ከተነቀለበት ሰዓት ከ30 ደቂቃ በላይ ወደ ኋላ የቀረ ከሆነ፣ ዝርዝሩ ከፋርማሲ ጋር ሳይመሳከር መድኃኒት አይሰጥበትም።