አልነሳ ያለ የጀልባ ሞተር፦ አምስት ጊዜ ጎትትና አቁም

የካቲት 16፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ዘጌ። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ተነስቶ ጣና መናወጥ ጀምሯል። አሥራ ሁለት ምእመናን ጀልባዬ ላይ ተቀምጠው ወደ ባሕር ዳር ለመመለስ ይጠብቃሉ። ጠዋት በአንድ ጉተታ የተነሳው ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ያማሃ ግን እምቢ አለ። ቾኩን (ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ቤንዚን የሚያበዛለትን መሳቢያ) አወጣሁ፣ መለስኩ፣ ገመዱን ጎተትኩ፤ መዳፌ ተላጠ። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አስጋሪ ከታንኳቸው ላይ ሆነው ሲያዩኝ ቆይተው፣ «ልጄ፣ ታንኩ ይተነፍሳል?» አሉኝ። ክዳኑ ላይ ያለችው የአየር ብሎን ተዘግታ ነበር። ስንደርስ ቤንዚን እንዳይሸት ብሎ ረዳቴ አጥብቋታል። ከፈትኳት፤ በሁለተኛው ጉተታ ተነሳ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አምስት ጊዜ ጎትቼ እምቢ ካለኝ ገመዱን እለቃለሁ። ስድስተኛው ጉተታ ችግሩን አይነግርህም፤ ክንድህን ያደክማል፣ ሲሊንደሩ ውስጥም ቤንዚን ያጠራቅማል። ጀልባዋን ደንገል ወይም ዛፍ ላይ እሰር፣ መልህቅ ካለህ ጣል፣ ከዚያ በእርጋታ ተመልከት።

መጀመሪያ ክዳን ሳትከፍት የሚታየውን እይ። እጅህ ላይ የምታስራት ቀይ የደህንነት ገመድ ጫፏ በቦታዋ ገብታለች? እሷ ከወጣች እሳት፣ ማለትም ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው የካንዴላ ብልጭታ፣ የለም፤ እስከ ማታ ብትጎትት አይነሳም። ማርሹ ገለልተኛ ላይ ነው? የታንኩ አየር ተከፍቷል? ከዚያ ቱቦው መሃል ያለችውን እንቁላል የመሰለች ጎማ ያዝ። ቀስቷ ወደ ሞተሩ ማየት አለባት። ቀስቱን ወደ ላይ አድርገህ እስክትጠነክር ጭመቃት። ተጨምቃ ተጨምቃ የማትጠነክር ከሆነ ነዳጅ ወይም አየር የሚያሾልክ ቦታ አለ፤ ብዙ ጊዜ ቱቦው ሞተሩ ላይ የሚሰካበት ጫፍ ውስጥ ያለችው የጎማ ቀለበት አልቃለች። ተጨምቃ እንደ ተጣበቀች ከቀረች ደግሞ ከታንኩ በኩል መተንፈሻው ወይም መምጠጫው ተዘግቷል።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ቾኩን አውጣ፣ ጋዙን (የፍጥነት መቆጣጠሪያውን እጀታ) መነሻ ምልክቱ ላይ አድርግ። ገመዱን በቀስታ ሳብ፣ ሲከብድህ ከዚያ ላይ በአንዴ ፈጥነህ ጎትት። አንድ ጊዜ ካሳለ ወይም ተነስቶ ከጠፋ ቾኩን መልስ። ሙቅ ሞተር ላይ ቾክ አልጠቀምም።

ጣና ላይ ቾክ የሚያስቸግርበት ምክንያት አለ። ሐይቁ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው፤ አየሩ ከባሕር ወለል አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሞተሩ ግን ከፋብሪካ የሚመጣው በአብዛኛው ለባሕር ወለል ተስተካክሎ ነው። ስለዚህ እዚህ ሁልጊዜ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላው ቶሎ ይጠቁራል። መፍትሔው ካርቡራቶሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ውስጥ ያለችውን ቤንዚን የምታሳልፍ ባለ ቀዳዳ ናስ መመሪያው ለከፍታ በሚያዘው አነስ ያለ ቁጥር መቀየር ነው። የካርቡራቶሩን ብሎን ለማስተካከል ከፈለግህ መጀመሪያ በቀስታ እስከ መጨረሻ አስገባና ስንት ዙር እንደዞረ ጻፍ፤ ካልጻፍክ የነበረበት ይጠፋብሃል።

ሞተሩ ቤንዚን በዝቶበት ከታፈነ ቤንዚን ይሸትሃል፣ ካንዴላዎቹም ርጥብ ሆነው ይወጣሉ። የነዳጁን ቱቦ ንቀል። ቀይዋን የደህንነት ገመድ አውጣ፤ እሳት እንዳይኖር ነው። ቾኩን መልስ፣ ጋዙን ክፈት፣ ካንዴላዎቹን ፍታና አሥር ጊዜ ያህል ጎትት። ካንዴላዎቹን አድርቅ፣ ጀልባው ውስጥ የፈሰሰውን በጨርቅ ጥረግ፣ ሽታው እስኪጠፋ ታገስ፤ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ካለ ይራቅ።

እሳት መኖሩን የምታየው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው። ቀይዋን ገመድ መልስ። ካንዴላውን ሽቦው ላይ ሰክተህ ብረቱን ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኝ፣ ከሲሊንደሩ ቀዳዳ አርቀህ። በፕላስቲክ እጀታ ፒንሳ ያዝ እንጂ በባዶ እጅህ አትንካው። ረዳትህ ሲጎትት ሰማያዊ ብልጭታ መታየት አለበት። ሁለቱንም ፈትሽ! ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ካንዴላ አንዳንዴ ይነሳል፤ ግን አሥር ጊዜ ተለምኖ ነው፣ ከዚያም ጉልበት አይኖረውም። ብዙ ሰው «ሞተሬ አርጅቷል» የሚለኝ አንድ ካንዴላ ሞቶበት ሳለ ነው።

ካንዴላ ስትገዛ ቁጥሩን አንብብ። ኤንጂኬ (NGK) የሚባለው ካንዴላ ላይ ቁጥሩ ከፍ ሲል ካንዴላው ይበልጥ ቀዝቃዛ ነው፤ ሙቀቱን ቶሎ ያስወጣል ማለት ነው። 7 የሚፈልግ ሞተር ላይ 8 ብታስገባ በእኛ አየር ጥቀርሻ ይይዛል። መጨረሻው ላይ 10 ካለ ክፍተቱ 1 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። እኔ ሁልጊዜ ሁለት አዲስ ካንዴላና መፍቻውን በላስቲክ ጠቅልዬ እይዛለሁ።

እሳቱ ደህና ከሆነ ነዳጁን ተጠራጠር። ከጀሪካን የተገዛ ቤንዚን ውስጥ ውሃ አግኝቻለሁ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ። ከታንኩ ሥር ትንሽ ቀድተህ ንጹሕ ሃይላንድ ውስጥ አድርግና አምስት ደቂቃ አቁመው። ውሃ ካለ ሥሩ ላይ ተለይቶ ታየዋለህ። ያን ጊዜ ታንኩን፣ ፊልትሮውንና የካርቡራቶሩን ሥር ማፍሰስ ነው፤ ሌላ አቋራጭ የለም።

ዘይቱም ላይ አትዘናጋ። የእኔ ሞተር ቤንዚንና ዘይት የሚቀላቀልለት 50 ለ 1 ነው፤ ለ25 ሊትር ቤንዚን ግማሽ ሊትር ዘይት፤ በግምት ሳይሆን በመለኪያ። ዘይቱ ቲሲ-ደብሊው 3 የሚል ምልክት ያለው፣ ለባለ ሁለት ምት የጀልባ ሞተር የተሠራ መሆን አለበት። የመኪና ሞተር ዘይት የሚቀላቅሉ ልጆች አሉ፤ እባካችሁ ተዉት፣ ካንዴላም ፒስተንም ይገድላል። ክረምቱን ቆማ የከረመች ጀልባ መስከረም ላይ የምታስቸግረውም በዚሁ በኩል ነው። ቤንዚኑ ካርቡራቶሩ ውስጥ ተንኖ ዘይቱ እንደ ማር ይቀራል፣ ቀጫጭኑን ቀዳዳ ይደፍናል። ካርቡራቶሩን ፈትተህ በካርቡራቶር ማጽጃና በአየር እጠበው። ሽቦ ቀዳዳው ውስጥ አትክተት፤ ትንሽ ከሰፋ ልክነቱ ያበቃል።

ይህን ሁሉ አድርገህ ገመዱ ሲሳብ ያለ ምንም ክብደት ከመጣልህ፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ጓርኒሲዮኑ (የሲሊንደሩ ራስ ማሸጊያ) ሄዷል። ያ የጋራዥ ሥራ ነው፤ ሐይቅ ላይ አትሞክረው።

ሲነሳ ወዲያው አትንቀሳቀስ። ከጎኑ ቀጭን ውሃ እየተረጨ መውጣቱን እይ። እምቦጭ ውሃ መሳቢያውን ሲሸፍነው ውሃው ይቀራል፣ ሞተሩም በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል። ካልወጣ አጥፋ፣ ሞተሩን አንሳ፣ ሥሩን በእጅህ አጽዳ። ከውሃ ውጭ ደግሞ ለአፍታም አታስነሳው፤ የውሃ ፖምፓው ጎማ ይቃጠላል።

ማታ ባሕር ዳር ስደርስ የነዳጁን ቱቦ ነቅዬ ሞተሩን እየሠራ እተወዋለሁ። ካርቡራቶሩ ውስጥ የቀረውን ጨርሶ ራሱ ይጠፋል። ከዚያ የታንኩን አየር እዘጋለሁ፤ ጠዋት መጀመሪያ የሚከፍታት ረዳቴ ነው።