የአሜሪካ የተማሪ ቪዛ፦ ከቃለ መጠይቁ በፊት ያለው ሥራ

ደብረ ብርሃን ውስጥ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ ደብዳቤ የደረሳቸው ተማሪዎች ወደ እኔ ሲመጡ የሚጠይቁኝ በኤምባሲው ስለሚደረገው የቪዛ ቃለ መጠይቅ ነው። እኔ ግን አስቀድሜ ፓስፖርትና ትራንስክሪፕታቸውን ጎን ለጎን አስዘረጋቸዋለሁ።

ትምህርት ቤት በአባት ስም ይመዘግባል፤ ፓስፖርት ላይ የአያት ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ይታተማል። «ጸጋዬ» በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ በየሰነዱ መልኩን ይቀይራል። ዩኒቨርሲቲው እንደተቀበላችሁ ለቪዛ የሚያረጋግጠውን አይ-20 የተባለ ቅጽ ከማውጣቱ በፊት ስማችሁን ልክ በፓስፖርቱ አጻጻፍ እንዲመዘግብ ጠይቁ። ዓመተ ምሕረቱንም ወደ ፈረንጆቹ ስትቀይሩ አትገምቱ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ይደመራል። ጥቅምት 2009 በፈረንጆቹ 2016 ነው፤ ሐምሌ 2009 ግን 2017።

አይ-20 ሲደርሳችሁ ሴቪስ ለተባለው የአሜሪካ የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ ሥርዓት 350 ዶላር ትከፍላላችሁ። ውጭ ያለ ዘመድ በካርዱ ሊከፍልላችሁ ይችላል፤ ደረሰኙን አትሙት። ቀጥሎ ዲኤስ-160 የተባለውን የቪዛ ማመልከቻ ቅጽ ኢንተርኔት ላይ ሙሉ። ገጹ ለጥቂት ደቂቃ ከተተወ ይዘጋልና የማመልከቻ ቁጥሩን ገና ስትጀምሩ ወረቀት ላይ ጻፉት። የቪዛው ማመልከቻ 185 ዶላር ነው፤ ብትከለከሉም አይመለስም። ቅጹን ደላላ እንዲሞላላችሁ በፍጹም አትፍቀዱ። የተጻፈው ሁሉ በእናንተ ስም ነው፤ ለሐሰቱም ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ።

የትምህርቱን ወጪ የሚሸፍነው ገንዘብ ማስረጃ ላይ ረጅም ጊዜ ስጡ። ለባንክ መግለጫ ሲባል ተበድሮ የገባ ብር ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ መልስ የለውም። ይልቅስ ምንጩን አሳዩ፤ አባታችሁ እህል ነጋዴ ከሆኑ የንግድ ፈቃዳቸውንና የግብር ደረሰኛቸውን፣ ደመወዝተኛ ከሆኑ የመሥሪያ ቤታቸውን ደብዳቤ ያዙ። ሙሉ ስኮላርሺፕ ያገኘ ተማሪ ሸክሙ ይቀልለታል፤ ወጪው ማን ላይ እንደሆነ አይ-20ው ላይ ተጽፏል።

ቃለ መጠይቁ አጭር ነው። የአሜሪካ ሕግ አመልካቹ ተቃራኒውን እስኪያሳይ ድረስ እዚያው ለመቅረት የሚሄድ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ ቃለ መጠይቁን የሚያደርገው የኤምባሲው መኮንን ለምን ይህን ትምህርት፣ ለምን ይህን ዩኒቨርሲቲ እንደመረጣችሁ፣ ማን እንደሚከፍልና ስትመረቁ ምን እንደምታደርጉ ይጠይቃል። የተሸመደደ መልስ ተከታዩ ጥያቄ ላይ ይፈርሳል። ተማሪዎቼን የመጀመሪያውን ዓመት ኮርሶች ከዩኒቨርሲቲው ገጽ አንብበው በራሳቸው አነጋገር እንዲነግሩኝ አደርጋለሁ፤ ትምህርቱን የሚያውቅ ልጅ ድምፁም አይንቀጠቀጥም። ብትከለከሉ ይግባኝ የለም፤ ነገር ግን የተለወጠ ነገር ሲኖር ክፍያውን እንደገና ከፍሎ ማመልከት ይቻላል።

ቪዛው ሳይታተም የአውሮፕላን ትኬት አትግዙ። ትምህርቱ ከሚጀመርበት ቀን ከ30 ቀን በላይ ቀድሞ መግባት አይፈቀድም። አይ-20ውን በእጅ ቦርሳችሁ ያዙ፤ አሜሪካ ስትደርሱ የመግቢያ መኮንኑ ይጠይቃችኋል።