ሳይክላችን ባቡር ላይ ቦታ ሲያጣ

እኔና ባለቤቴ ከፍራንክፈርት ተነስተን፣ ከጀርመኗ የድንበር ከተማ ከፓሳው እስከ ኦስትሪያዋ ቪየና የዳኑብን ወንዝ ተከትለን በሳይክል ልንጓዝ፣ ማታ ማታ ድንኳን ልንተክል አሰብን። መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ወንዙ ወደሚፈስበት ስለሚሄድ ዳገት አይበዛውም። ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ ሽሮው ሳይቀር ተሰናድቶ ሳለ ፈጣኑ ባቡር ላይ የሳይክል ቦታ ብፈልግ አልቋል!

ጥፋቱ የራሴ ነው። የሰው ትኬት ቆርጬ ሳይክሉን ለኋላ አቆየሁት። በጀርመን ፈጣን ባቡሮች ሳይክል አስቀድሞ ቦታ ካልተያዘለት አይገባም፤ ያለውም ቦታ ጥቂት ነው።

ያዳነን በየከተማው እየቆመ የሚሄደው ዘገምተኛው የክልል ባቡር ነው። ለሳይክሉ ትኬት ይቆረጣል እንጂ ቦታ መያዝ አያስፈልግም። ከሞላ ግን ሊመልሱን ስለሚችሉ ጉዞውን ከቅዳሜ ወደ ማክሰኞ አዛወርነው። ዉርዝቡርግና ኑርንበርግ ላይ እየቀየርን ቀኑን ሙሉ ፈጀብን፤ ይሁን። በየመቀየሪያው ቢያንስ 20 ደቂቃ መተው ግድ ነው። አንድ ጣቢያ ሊፍቱ ተበላሽቶ ሳይክሎቹን ደረጃ ለደረጃ ተሸክመናል።

ሌላ የተማርነው፦ ሳይክሉ ጎን ላይ የሚንጠለጠሉትን ቦርሳዎች ባቡሩ ሳይደርስ መፍታት። አንዳችን ሳይክል ስናስገባ አንዳችን ቦርሳ እናቀብላለን። ቦርሳው እንደተጫነ ግን የኋላው ጎማ ከመሬት አይነሳም፤ በሩ ላይ ሰው ሁሉ ያፈጥብሃል።

ለመመለሻው መጀመሪያ የሳይክሉን ቦታ ያዝኩ፣ ከዚያ የእኛን።

የመጀመሪያዋን ሌሊት ሽሎገን በምትባል የኦስትሪያ መንደር፣ ወንዙ ወደ ኋላ በሚታጠፍበት አደርን። ሽሮው ተጣደ፤ ዘይት ረስተናል።