የሳንባ ካንሰርን በጊዜ እንዳናውቀው የሚያደርጉን ስህተቶች

«ብርድ ነው» ብሎ ማለፍ። ደብረ ብርሃን፣ አንኮበር ወይም መሐል ሜዳ ላይ ለሚያስል ሰው የሚሰጠው መልስ ይኸው ነው። ደጋ ነው፣ ውርጩም ከባድ ነው፤ ማንም አይጠራጠርም። ግን ከ2 ሳምንት ያለፈ ሳል መመርመር አለበት። በዝንጅብልና በነጭ ሽንኩርት ወር ማስቆጠር አደጋ ነው። አክታው ደም ከቀላቀለ፣ ሰውየው ያለምክንያት ከከሳ፣ ወይም ድሮ የሚወጣው ዳገት አሁን ትንፋሽ ካሳጠረው ነገ ዛሬ ማለት አይገባም።

«ቲቢ የለብህም ተባልኩ» ብሎ እፎይ ማለት። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው የሚሳሳተው ስህተት ስለሆነ። ለሰነበተ ሳል አክታ ተመርምሮ መጀመሪያ ቲቢ መፈለጉ ትክክል ነው። በሽታው አገራችን ውስጥ ብዙ ነው፣ ታክሞም ይድናል። ግን ውጤቱ «ነጻ» ሲል ሰው ወረቀቱን አጣጥፎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሳሉ ግን አብሮት ይመለሳል። ሌላው ደግሞ በራጅ ብቻ ቲቢ ተብሎ መድኃኒት ይጀምራል፤ ለውጥ ሳያይ ወራት ያልፋሉ። ሁለቱ በሽታዎች ራጅ ላይ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ስለዚህ «ታዲያ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልስ እስኪያገኙም አይተዉት። ራጅ ራሱ ትንሽ ዕጢ ሊያመልጠው ይችላል፤ በተለይ ከልብ ጀርባ ከተደበቀ። ሐኪሙ ሲቲ ስካን (ከራጅ ይበልጥ አጥርቶ የሚያሳይ ምርመራ) ካዘዘ ምክንያት አለው።

«እናቴ ሲጋራ አጭሳ አታውቅም።» ዋናው መንስኤ ሲጋራ ነው፣ አያከራክርም። ቢሆንም ያላጨሱም ይያዛሉ። መስኮት የሌለውን፣ ጣሪያው በጥላሸት የጠቆረውን ማድ ቤት ያስቡት። እናት ኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል እያነደዱ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ዕድሜ ልካቸውን እንጀራ ጋግረዋል። ይህ ጭስ ለሳንባ ካንሰር ያጋልጣል ተብሎ የሚታመን ነው። ለሐኪሙ ይንገሩት።

«ኩላሊት ነው።» ካንሰሩ በደምና በሊምፍ (በሰውነት ውስጥ በራሱ ቧንቧ የሚዘዋወር ፈሳሽ) ተጉዞ ወደ አጥንት፣ ወደ አንጎል፣ ወደ ጉበት ሊሰራጭ ይችላል። አንዳንዴ ሰው የሚነቃው ከሳንባው ቀድሞ በዚህ ነው። ሌሊት የሚቀሰቅስ የወገብ ሕመም ሲመጣ «ኩላሊት ነው» ይባልና ከፋርማሲ ማስታገሻ ይገዛል። ከማስታወክ ጋር የሚመጣ ራስ ምታት «ማይግሬን» ይባላል። የማይለቅ የድምፅ መጎርነን፣ አንገት ሥር ካለው አግድም አጥንት በላይ የሚወጣ እብጠት፣ የፊት ማበጥም አሉ። ሁሉም ለየብቻ ለተለያየ ሐኪም ይነገራሉ፤ ሳሉ ግን ሳይነሳ ይቀራል። ሁሉንም ለአንዱ ሐኪም በአንድ ጊዜ ይናገሩ። ከወገብ ሕመሙ ጋር እግር ከሰነፈ ወይም ሽንት አልቆጣጠር ካለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው።

«ብረት ከነካው ይሰራጫል።» ስንቱ በዚህ ፍርሃት ናሙና (ከዕጢው ለምርመራ የሚወሰድ ቁራጭ) ሳይሰጥ ቀረ! ናሙና በመወሰዱ ምክንያት ካንሰር መሰራጨቱ እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር ነው። ያለ ናሙና ግን የካንሰሩ ዓይነት አይታወቅም፤ ዓይነቱ ካልታወቀ ደግሞ ሕክምናው አይመረጥም። ሳንባው ዙሪያ ውሃ ከቋጠረ፣ ከውሃው ተቀድቶም ሊመረመር ይችላል።

ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ጻድቃኔ ማርያም ጠበል መሄድን ማንም አይከለክልም። ቀጠሮን ትቶ መሄድ ነው ስህተቱ።

«አሁን ደግሞ የጉበት ካንሰር ያዘው።» ከሳንባ ተነስቶ ጉበት ላይ ያረፈ ካንሰር አሁንም የሳንባ ካንሰር ነው፤ የሚታከመውም እንደዚያው ነው። «ተሰራጭቷል» ሲባልም ብዙ ቤተሰብ በሽተኛውን ይዞ ወደ ቤት ይመለሳል። ደረጃ 1 ላይ፣ ካንሰሩ ገና ሳይሰራጭ፣ ቀዶ ሕክምና ሊያድን ይችላል። ደረጃ 4 ላይ፣ ወደ ሌላ አካል ከተሰራጨ በኋላ፣ የመዳን ተስፋው ጠባብ ነው። ግን ሕመምን የሚያስታግስ፣ ትንፋሽን የሚያቀል፣ ዕድሜም የሚጨምር ሕክምና አለ።

ራጅ መጣል። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከተላኩ በኋላ ወረቀት ፍለጋ መመለስ ጊዜም ገንዘብም ይበላል። ፊልሙን፣ ሲዲውን፣ የናሙናውን ውጤት ይያዙ። ከዓመታት በፊት የተነሱት ራጅ ካለም አብሮ ይሂድ። አሁን የታየው ጥላ አዲስ ይሁን የቆየ ጠባሳ፣ ሐኪሙ ሁለቱን አስተያይቶ መለየት ይችላል።