ካርዱ ላይ «ሥራ ላይ» መባሉን ሳታዩ አትውጡ

እንጨት ቤት የሚሠራ ጎረቤቴ መጋዝ ሁለት ጣቱን በላበት። ክሊኒክ አብሮት የሄደው ፎርማን ለካርድ ክፍሏ «ቤቱ ነው የተጎዳው» አላት። እሱ ደሙን ይዞ ቁጭ ብሏል፤ የት ይሰማል! ያቺን አንድ መስመር ለማስቀየር ወራት ተመላለሰ።

ስለዚህ ሥራ ላይ ከተጎዳችሁ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እየሠራችሁ እንደሆነ ለሐኪሙ ራሳችሁ ተናገሩ። ካርዱንም አንብቡት። አደጋውን ያዩ ባልደረቦችን ስም በዚያው ቀን ያዙ፤ ሲሰነባብት ሁሉም «አላየሁም» ማለት ይቀናዋል። ለአሠሪው በጽሑፍ አመልክታችሁ ቅጂው ላይ ማኅተም አስመቱ።

«ጥፋቱ ያንተ ነው» ቢሏችሁ አትደንግጡ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ሆን ብሎ ራስን መጉዳት፣ በግልጽ የተሰጠ የደኅንነት መመሪያን መጣስ ወይም ሰክሮ መግባት ግን ሌላ ነገር ነው። የሕክምናው ወጪም የአሠሪው ነው። ሥራ መግባት ካልቻላችሁ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ ከዚያ ለ6 ወራት ቢያንስ 50 በመቶ ይከፈላችኋል። ድርጅቱ ባቀረበው ሰርቪስ ስትመላለሱ የደረሰ አደጋም ይቆጠራል። ከሥራው ጠባይ የመጣ በሽታም እንዲሁ።

አንድ ነገር ደግሞ። ጥቂት ሺህ ብር በፖስታ ሰጥተው «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የሚል ወረቀት ቢያቀርቡላችሁ እዚያው አትፈርሙ፤ ለሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ሕግ ለሚያውቅ ሰው አሳዩት። ግን ብዙም አትቆዩ፣ ይርጋው፣ ማለትም ሕጉ መብታችሁን እንድትጠይቁ የሚሰጣችሁ ጊዜ፣ በጥቅሉ 1 ዓመት ነው።